ቅጠሉ ለምልሞ ስሩ የቀጠነ ቀይ ስር፦ የአንድ የኮተቤ ጓሮ ጉዳይ

ጓሮው ያለው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። አፈሩ ቀይ ሸክላ ሲሆን መደቡ 1.2 ሜትር በ5 ሜትር ነው። በምዕራብ በኩል ከፍ ያለ ግንብ አለ፤ በሰሜን ጫፍ ደግሞ አንድ ያደገ አቮካዶ ቅርንጫፉን እስከ መደቡ ዘርግቷል። የቤቱ ባለቤት በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ዓይነት ቀይ ስር ዘርተዋል። አንዱ ከዘር መሸጫ ሱቅ በቆርቆሮ የተገዛ «ዲትሮይት ዳርክ ሬድ» ነው። ሌላው ሜሪላንድ የሚኖሩ እህታቸው ያስመጡላቸው «ኪዮጃ» የሚባል፣ ሲቆረጥ ቀይና ነጭ ቀለበት የሚያሳይ የጣሊያን ዝርያ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ቅጠሉ ጉልበት ሊደርስ ተቃርቦ ሲነቀል ግን ስሩ ከአውራ ጣት አይወፍርም። ከወፈሩት ጥቂቶች ደግሞ አንዳንዶቹ ሲቆረጡ መሃላቸው ላይ ጥቁር ጠባሳ ተገኘባቸው። ኪዮጃውም ተቀቅሎ ሲወጣ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ባለቤቲቱ የደረሱበት መደምደሚያ «ዘሩ የማይረባ ነው» የሚል ነበር።

ዘሩ ግን ምንም አልጎደለውም። ዲትሮይት ዳርክ ሬድ በ1892 በአሜሪካ ዲ. ኤም. ፌሪ የተባለው የዘር ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፣ «ኧርሊ ብለድ ተርኒፕ» ከሚባል የቀደመ ዝርያ ተመርጦ የወጣ ነባር ዝርያ ነው። ዲቃላ አይደለም። እኛ አገር ሱቅ ውስጥ ተራ ዘር መስሎ የሚታየው ይህ ቆርቆሮ፣ ሌላ አገር አትክልተኞች ነባር ዝርያ ብለው የሚንከባከቡት ነው። ኪዮጃም ስሙን ያገኘው ከቬኒስ በስተደቡብ ካለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ሲገዙ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ማሸጊያው ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ካለ ዲቃላ ስለሆነ ነባር ዝርያ አይባልም። ዘሩ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ በፈንገስ መድኃኒት ታሽቷል ማለት ነውና በባዶ እጅ አይነካም፤ ልጆች ከሚደርሱበትም ይራቅ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? መልሱ ከመሬቱ ተነቀለ።

ከመደቡ መሃል በአንድ ነጥብ የበቀለው ሙሉውን በመቆፈሪያ ወጣ። ከላይ ሲታይ አንድ ጠንካራ ተክል ይመስል ነበር፤ አፈሩ ሲታጠብ ግን አራት ተክሎች ሆኑ። አራቱም ስሮች እንደ ገመድ ተጠማዝዘው አንዱ ሌላውን ጨምቆ ይዞታል፤ ቆዳቸው በተነካካበት በኩል ጠፍጣፋና ነጣ ያለ ነው። የዚህ ምክንያት በዘሩ ውስጥ አለ። የቀይ ስር «ዘር» ብለን የምንዘራው ሻካራ ፍሬ አንድ ዘር አይደለም፤ ከ2 እስከ 5 የሚደርሱ ዘሮች በአንድነት የደረቁበት ጉጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጉጥ በየቦታው ቢጣልም እንኳ ከአንድ ነጥብ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ችግኝ ይወጣል። ካልሳሳ ሁሉም ቅጠል ያወጣሉ እንጂ አንዳቸውም ስር አያወፍሩም። በዚህ መደብ ደግሞ ዘሩ የተበተነው በእጅ ሲሆን ከበቀለ በኋላ ማንም አልነካውም። ቡቃያውን መንቀል ያሳሳል፣ ልብም ያሳሳል፤ ብዙ ጓሮዎች ላይ የቀይ ስር ዋና ጠላት ግን ይህ ርኅራኄ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማዳበሪያው ነው። ከመዝራቱ በፊት በነበረው ሳምንት መደቡ ላይ ትኩስ የዶሮ ኩስ በብዛት ተበትኗል። የዶሮ ኩስ ናይትሮጂኑ ብዙና ፈጣን ነው፤ ተክሉ ያንን ይዞ ቅጠል ላይ ይሮጣል። ለቆስጣ ቢሆን መልካም ነበር፤ ለስር አትክልት ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ክረምቱም አግዞታል፦ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሲሰነብት ተክሉ ወደ ስር የሚያከማቸው ስኳር ያንሳል። በግንቡ ጥግ ያለው መስመር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ አያይም፤ በአቮካዶው ሥር ያለው አንድ ሜትር ደግሞ ጭራሽ ጥላ ውስጥ ነው፣ የዛፉ ስርም ውሃውንና ምግቡን ይሻማዋል። ቀይ ስር ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ዝናብ የሚበዛበት የደጋ ቀይ አፈር ካልሲየምና ማግኒዥየሙ በውሃ ታጥቦ ስለሚወርድ ወደ አሲድ ያዘነብላል። ቀይ ስር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.0 እስከ 7.0 ባለው አፈር ይመቸዋል፤ ከ5.5 በታች ግን ከአብዛኛው አትክልት ቀድሞ ይጎዳል። እዚህ ጓሮ በመለኪያ ወረቀት ሲታይ ንባቡ 5.5 አካባቢ ነበር። መለካት ቀላል ነው፦ ከ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ከአምስት ቦታ አፈር ወስዶ መቀላቀል፣ አንድ እጅ አፈርን በሁለት እጅ የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ መበጥበጥ፣ ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ከላይ በጠለለው ውሃ ወረቀቱን መንከር። የቧንቧ ውሃ ንባቡን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ጥቁሩ ጠባሳ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ባለቤቲቱ በሽታ ነው ብለው ፈርተው ነበር፤ ጥቁርና ጠንካራ፣ ቡሽ የሚመስል ነጥብ በስሩ ቀለበቶች መካከል ሲታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቦሮን እጥረት ነው። ቦሮን ተክሉ እጅግ በጥቂቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎዱት አዳዲስ የሚያድጉ ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ መሃል ያለው ለጋ ቅጠልም ይጣመማል ወይም ይጠቁራል። ሁለት ነገር ያባብሰዋል፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ ቦሮኑ ታጥቦ መሄዱ፣ ከዚያም አፈሩ ሲደርቅ ስሩ የቀረውን መሳብ አለመቻሉ። በዚህ መደብ ጠባሳው የታየው ከቤቱ ርቆ ባለው ጫፍ ባሉት ብቻ ነው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያቆም ያ ጫፍ ውሃ አልደረሰውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የሚያስገርም አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ምልክት ቅጠሉ ላይ ነበር። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው፣ መሃላቸው አመድማ፣ ጠርዛቸው ወይን ጠጅ የሆነ ክብ ነጠብጣቦች የታችኛውን ቅጠል ሞልተውታል። ይህ ሰርኮስፖራ የሚባል ፈንገስ ነው። መደቡ ላይ ለዓመታት ሲለማ የኖረው ቆስጣ ነው፤ ቆስጣና ቀይ ስር ደግሞ በስም ይለያዩ እንጂ አንድ የዕፅዋት ዝርያ ናቸው፤ አንዱ ለቅጠሉ ሌላው ለስሩ ተመረጠ። የአንዱ በሽታ ሳይቀነስ ለሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ከቆስጣ ቀጥሎ ቀይ ስር መዝራት ሰብል ማፈራረቅ አይባልም። መደቡ ከሁለቱም ቢያንስ 2 ዓመት፣ ቢቻል 3 ዓመት ማረፍ አለበት።

እዚህ ቤት ግን ሌላ ፀሐይ የሚያገኝ መሬት የለም። ስለዚህ ማረፉ ቀርቶ የታመመው ቅጠል በሙሉ ተለቅሞ ከግቢ እንዲወጣ፣ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ እንዳይገባ፣ ሁለተኛው ዘርም ፈንገሱ በማይመቸው ደረቅ ወቅት እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ምርጥ መፍትሔ አይደለም፤ ለትንሽ ጓሮ የሚሆን መፍትሔ ነው። በአቮካዶው ሥር ያለው አንድ ሜትር ለሰላጣ ተለቀቀ፤ ለቀይ ስር የቀረው 4 ሜትር፣ ማለትም ወደ 5 ካሬ ሜትር ነው።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። መጀመሪያ አፈሩ በዶማ እስከ 30 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ ጓል ጓሉ ተሰበረ፣ ድንጋዩ ተለቀመ። ጠንካራ ሸክላ ላይ ስሩ ይጣመማል ወይም እንደ ሹካ ይሰነጠቃል። ከዚያ 1.7 ኪሎ ግራም የተነፋ የእንጨት አመድ ተበትኖ ከላይኛው 15 ሳንቲሜትር ጋር ተደባለቀ። አመዱ ከንጹሕ እንጨት ወይም ከሰል መሆን አለበት፤ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ የተቃጠለበት አይሆንም። የእርሻ ኖራ የሚያገኝ ሰው ለዚህ ስፋት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ቢጠቀም ይበቃዋል፤ ኖራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ወራት ቀድሞ ቢገባ ይሻላል። ለግንባታ የሚሸጠው ያልጠፋ ኖራ እጅና ዓይን ያቃጥላል፣ ስርም ይገድላል፤ ጓሮ ውስጥ አይገባም። አመድንም ኖራንም ከትኩስ ፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን መጨመር ናይትሮጂኑን በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይበትነዋል። በመሃላቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ 15 ኪሎ ግራም በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ገባ። የበሰለ ኮምፖስት የሚታወቀው በጠረኑ ነው፦ የዝናብ አፈር እንጂ በረት አይሸትም፤ እጅ ቢያስገቡበትም አይሞቅም። ከሱ ጋር 80 ግራም ኤን ፒ ኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው) ማዳበሪያ በመስመሮቹ ሥር ተደረገ። ዩሪያ አልተጨመረም፤ ባለፈው ወቅት ከገባው የዶሮ ኩስ የቀረ ናይትሮጂን ስላለ አያስፈልግም።

ቦሮኑ የተሰጠው ለመደቡ ግማሽ ብቻ ነው፤ ጠባሳው የታየበት ጫፍ ያለበት ግማሽ። ለ2.5 ካሬ ሜትር 1.5 ግራም ቦሪክ አሲድ በ5 ሊትር ውሃ ሟሙቶ በማጠጫ እኩል ተረጨ። ይህ በማንኪያ ግምት የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። በጥቅም እና በመርዝ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ከመጠን ያለፈ ቦሮን የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል፤ በቀጣዩ ወቅት እዚያው አደንጓሬ የሚዘራ ሰው ደግሞ ጉዳቱን ያየዋል፣ አደንጓሬ ለቦሮን ብዛት እጅግ ስስ ነውና። በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ አይሰጥም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ተዘራ። ጉጦቹ ማታ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፈው አድረው ጠዋት ታጠቡ። የጉጡ ሽፋን ብቅለትን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለው፤ ውሃው ያንን ያጥበዋል። ከ12 ሰዓት በላይ ከተዘፈዘፈ ግን ዘሩ አየር አጥቶ ይታፈናል። (የታሸ ዘር አይዘፈዘፍም፤ መድኃኒቱ ይታጠባል።) መስመሮቹ አራት፣ በመካከላቸው 25 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀታቸው 2 ሳንቲሜትር፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ አንድ ጉጥ። በግራም ከ50 እስከ 60 ጉጥ ስለሚገኝ ለ16 ሜትር መስመር 6 ግራም ዘር በቂ ነው። ሦስቱ መስመሮች ዲትሮይት፣ አንዱ ኪዮጃ። በግንቡ ጥግ ያለው መስመር 20 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገባ።

ከተዘራ በኋላ የአፈሩ ላይኛ ክፍል ደርቆ እንዳይጋገር ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሸክላ አፈር ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ሲመታው ቅርፊት ይሠራል፣ ቡቃያውም ከሥሩ ታጥፎ ይቀራል። መስመሩን በአፈር ሳይሆን በተነፋ ኮምፖስት መሸፈን ይህን ያስቀራል። በኅዳር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ብቅለቱ ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጃል፤ በሞቃት ወቅት 5 ወይም 6 ቀን ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ማሳሳት ቡቃያው 5 ሳንቲሜትር ሲደርስና ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ነው። ከየጉጡ ጠንካራው አንዱ ይቀራል፤ ሌሎቹ በመቀስ ከአፈሩ ላይ ይቆረጣሉ። መንቀል አይመከርም፤ ስሮቹ ተያይዘው ስለሚወጡ የሚቀረውም ይናጋል። ሁለተኛው ማሳሳት ስሩ የጠርሙስ ክዳን ሲያክል፣ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። አንዱን እየዘለሉ አንዱን ማንሳት፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲሜትር እስኪሆን። በዚህ ጊዜ የሚወጣው አይጣልም፦ ስሩ ለጋ ነው፣ ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይጠበሳል።

ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይቻላል፤ አንዳንድ አትክልተኞችም ያደርጉታል። ዋናው ስር ሲታጠፍ ግን የተጣመመ ምርት ይሰጣል። ለጓሮ ስፋት በቀጥታ መዝራት ይሻላል ባዮች ነን።

ውሃ ሁሉን የሚወስን ነገር ነው። ለ5 ካሬ ሜትር በሳምንት 120 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 6 ጀሪካን፣ ሦስት ሦስቱ በሁለት ቀን ተከፍሎ። ስሩ መወፈር ሲጀምር ወደ 8 ጀሪካን ከፍ ይላል። ከመጠኑ ይልቅ እኩልነቱ ይበልጣል፦ ለአሥር ቀን የተጠማ ስር እንጨት ይሆናል፣ ድንገት ውሃ ሲጠግብም ይሰነጠቃል። የፈረቃው ቀን የማይታመን ከሆነ አንድ በርሜል ለመደቡ ብቻ መመደብ ነው ያለው። በመስመሮቹ መካከል የተነሰነሰው 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ገለባ ትነቱን በግልጽ ቀንሷል። ውሃው ከሥር ነው የሚጠጣው፤ በማታ ቅጠሉን ማርጠብ ሰርኮስፖራን መጋበዝ ነው።

ውጤቱ የካቲት መጨረሻ ላይ ታየ። የሳሱት መስመሮች በሙሉ ስር ይዘዋል፤ አብዛኛው ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ደርሷል፣ መነሳት ያለበትም በዚህ መጠን ነው። ከ9 ሳንቲሜትር ሲያልፍ ቃጫ ይበዛዋል። በግንቡ ጥግ ያለው መስመር ወደ ውስጥ ቢገባም አነስ ብሎ ዘግይቷል፤ ለጥላ መድኃኒት የለውም። ጥቁር ጠባሳ ቦሮን በተሰጠው ግማሽም ባልተሰጠው ግማሽም አልታየም። ጠባሳው ቀድሞም የታየው ቦሮን በተሰጠው ግማሽ ብቻ ስለነበር ይህ ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ያኔ ውሃ ያልደረሰው ያ ጫፍ ብቻ መሆኑ ግን ጥርጣሬውን ቦሮኑን ወደ ስሩ ወደሚያደርሰው ውሃ ይመራል። ጠባሳ ያየ ሰው ወደ ቦሪክ አሲድ ከመሮጡ በፊት የውሃውን ፕሮግራም ያስተካክል የምንለው ለዚህ ነው።

የኪዮጃው ቀለምስ? የጓሮው ጥፋት አልነበረም። የቀይ ስር ቀለም በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ዲትሮይት ክምችቱ ብዙ ስለሆነ ቢያጣም አይታወቅበትም። ኪዮጃ ግን ቀይ ቀለበቶቹ ስስ ናቸውና ሲቀቀል ሁሉም ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ለጾም በያይነቱ ከድንች ጋር የሚሠራው ቀይ ስር በዲትሮይት ይሠራ፤ ኪዮጃው በጥሬው በስሱ ተከትፎ በሎሚና በጨው፣ ወይም በፎይል ተጠቅልሎ በምድጃ ይጠበስ። ማንኛውም ቀይ ስር ሲቀቀል ከነልጣጩ፣ ከግንዱ 3 ሳንቲሜትር ቀርቶለት፣ ጭራው ሳይቆረጥ ይሁን። ከተላጠ በኋላ ሎሚ መጨመር ቀይነቱን ያጸናዋል።

የመጨረሻው የባለቤቲቱ ጥያቄ «ከዚሁ ዘር ማስቀረት አልችልም ወይ?» የሚል ነበር። ነባር ዝርያ የሚወደደው ዘሩ ከዓመት ዓመት ስለሚተላለፍ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አዲስ አበባ ላይ አያስደስትም። ቀይ ስር በመጀመሪያው ወቅት ስር ይሠራል፣ አበባና ዘር የሚያወጣው ለረጅም ጊዜ ብርድ ካገኘ በኋላ ነው፦ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ወደዚያ ይጠጋል፣ ቀኑ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ያፈርሰዋል። ስሩን በማቀዝቀዣ አቆይቶ ብርዱን መስጠት ይቻላል እንበል፤ ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ግን አይገኝም። ተክሉ ለማበብ ከ14 ሰዓት ያላነሰ ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም።

ሜሪላንድ ያሉት እህት ግን ይችላሉ። በሰኔ እዚያ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቅርጻቸው ያማሩ ስሮች መምረጥ፣ ቅጠሉን 3 ሳንቲሜትር አስቀርቶ መቁረጥ፣ እርጥብ አሸዋ ባለው ሳጥን ከ1 እስከ 4 ዲግሪ በሚሆን ምድር ቤት ማክረም፣ በሚያዝያ በ45 ሳንቲሜትር ርቀት መልሶ መትከል። አንድ ተክል ብቻውን በራሱ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፤ ቢያንስ 12፣ ቢቻል 20 እና ከዚያ በላይ በአንድ ላይ ማበብ አለባቸው። ብናኙን የሚያጓጉዘው ነፋስ ስለሆነ ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ዓመት ማበብ የለባቸውም፤ የጎረቤት ቆስጣ ካበበ ደግሞ ዘሩ ይደባለቃል። ዘሩን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክም የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል።

እዚህ ለምንኖር የሚበጀው የገዙትን ዘር በአግባቡ ማቆየት ነው። የተከፈተ ቆርቆሮ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ በሙቀትና በእንፋሎት ቶሎ ይሞታል። በሚገጠም የመስታወት ዕቃ፣ በጨርቅ ከተቋጠረ ሁለት ማንኪያ የታመሰና የቀዘቀዘ ሩዝ ጋር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል። በየዓመቱ ከመዝራት በፊት 20 ጉጥ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ለ10 ቀን መፈተን ነው፦ ከ15 በላይ ከበቀለ እንደተለመደው፣ ከ10 እስከ 15 ከሆነ በየ3 ሳንቲሜትሩ አቀራርቦ መዝራት፣ ከዚያ ካነሰ ግን አዲስ መግዛት።